የእህቴ የፓቶሎጂ ወረቀት፦ ከነዚህ ሁሉ ቁጥሮች የትኛው ነው የሚወስነው?

ታናሽ_እህት
ሰላም ለሁላችሁ። ለወራት ዝም ብዬ ሳነባችሁ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ እኔም ጠያቂ ሆንኩ።

ታላቅ እህቴ 43 ዓመቷ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ግራ ጡቷ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከብብቷም ንፍፊቶች ወጡ። ትናንት ውጤቱ መጣ። ውጭ የሚጠብቀው ታካሚ ብዙ ስለነበር ይመስለኛል፣ ሐኪሟ «ደረጃ ሁለት ነው፤ ኬሞ ያስፈልግሻል፤ አንድ ምርመራ ይቀረናል» ብለው ቶሎ ሸኙን። እሷ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌሊት እንቅልፍ ሲወስዳት አውጥቼ ፎቶ አነሳሁት።

እንዲህ ይላል፦ ዕጢው 2.4 ሴንቲ ሜትር። ግሬድ 3 (3+3+2=8)። ከ14 ንፍፊቶች በ2ቱ ውስጥ ካንሰር ተገኝቷል። የተቆረጠው ጠርዝ ነጻ ነው። በደምና በሊምፍ ሥሮች ውስጥ ወረራ አለ። ኢአር 90 በመቶ፣ ፒአር 20 በመቶ። ሄር2 «2+፣ አጠራጣሪ፣ ፊሽ ይሠራ»። ኪ-67 35 በመቶ።

ሌሊቱን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ሳስስ አደርኩ። አንዱ ገጽ 99 በመቶ ይድናሉ ይላል፤ ሌላው ግሬድ 3 ክፉ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ሄር2 ከሆነ አለቀ የሚል ይመስላል። የቱን ልመን? ከነዚህ መስመሮች ዋናው የቱ ነው?

ተስፋ_አለኝ
እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። እኔ የሰማሁትን ልንገርሽ፣ ካንሰር ቢላ ሲነካው ይበተናል ይላሉ። ናሙና ባይወሰድ፣ ባይቀደድ ይሻል ነበር ብለው ያዘኑ ሰዎች አውቃለሁ።

ማይክሮስኮፕ_ሥር
ተስፋ_አለኝ፣ ለበጎ እንዳልክ ይገባኛል፤ ግን ይህ አባባል ሰው ይገድላልና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ናሙና መወሰዱም ሆነ ቀዶ ሕክምናው የታማሚዋን ዕድሜ አያሳጥርም። ብዙ ሰው እንዲህ የሚያስበው፣ ሰዎች ቢላውን ፈርተው ሲቆዩ ካንሰሩ ስለሚሰራጭና በመጨረሻ ሲቀደዱ ስርጭቱ በዚያው ሰሞን ስለሚታወቅ ነው። ቢላው ያልሠራውን ኃጢአት ይሸከማል።

ታናሽ_እህት፣ የምሠራው ፓቶሎጂ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ሐኪሟን አልተካም፤ ወረቀቱን ግን ላነብልሽ እችላለሁ።

«የሚወስነው የቱ ነው» ላልሽው፣ ብቻውን የሚወስን መስመር የለም። ከሁሉም ከባድ ሚዛን ያለው አንዱን ጥሪ ብትይኝ ግን ንፍፊቱን እጠራለሁ። የብብት ንፍፊት ከጡት የሚወጣው ፈሳሽ የሚያልፍበት ኬላ ነው። ካንሰሩ ኬላው ላይ ከተገኘ ከሰፈሩ መውጣት ችሏል ማለት ነው። ቁጥሩም የራሱ ትርጉም አለው፤ ምንም ከሌለ፣ ከ1 እስከ 3፣ ከ4 እስከ 9፣ 10 እና ከዚያ በላይ እየተባለ ይከፈላል። የእህትሽ 2 ስለሆነ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ነው። «ከ14» የሚለውንም አትዝለይው። 14 ተመርምሮ 2 መገኘትና 3 ብቻ ተመርምሮ 2 መገኘት አንድ አይደለም።

መጠኑ 2.4 ሲሆን ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ባለው ክፍል ይወድቃል። መጠንና ንፍፊት ተደምረው ነው «ደረጃ ሁለት» የተባለው። ይህ የቆየው አቆጣጠር ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሥራ ላይ ያለው ስምንተኛው የአሜሪካ የደረጃ አሰጣጥ መመሪያ ግሬድን፣ ኢአርንና ፒአርን (የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ተቀባዮች)፣ ሄር2ንም (የካንሰሩን ዕድገት የሚያፋጥን ጂን) ይደምራል። ስለዚህ መጠናቸውና ንፍፊታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች የተለያየ ደረጃ ሊሰጣቸው ይችላል።

ግሬድና ደረጃ እንዳይምታቱብሽ። ደረጃ ካንሰሩ የት እንደደረሰ፣ ግሬድ ደግሞ ጠባዩ ምን እንደሚመስል ነው የሚናገረው። በቅንፍ ያሉት ሦስት ቁጥሮች እኛ በዓይናችን አይተን የምንሰጣቸው ነጥቦች ናቸው። ጤነኛ የጡት ቱቦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሕዋሶቹ ተያይዘው፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ይሠራሉ። የመጀመሪያው ነጥብ ካንሰሩ ያን ቀለበት መሥራት ምን ያህል ያስታውሳል የሚለው ነው፤ 3 ማለት ከሞላ ጎደል ረስቶታል። ሁለተኛው የሕዋሱ አስኳል ምን ያህል ከመልኩ እንደወጣ፣ ሦስተኛው ስንት ሕዋስ በመከፋፈል ላይ እንዳለ ነው። ድምሩ ከ3 እስከ 5 ግሬድ 1፣ 6 እና 7 ግሬድ 2፣ 8 እና 9 ግሬድ 3 ነው። የእህትሽ 8 ነው። ፈጣን ጠባይ ነው፤ ስንት በመቶ ሕዋስ በመከፋፈል ላይ እንዳለ የሚለካው ኪ-67ም ያንኑ ነው የሚደግመው። እንደ ሁለት የተለያየ መጥፎ ዜና አትቁጠሪያቸው። ኪ-67 ላይ ደግሞ ከአንዱ ቤተ ሙከራ ወደ ሌላው ልዩነት ስላለ፣ መካከል ላይ ለሚወድቅ ቁጥር ብዙ እንቅልፍ አትጪ።

ታናሽ_እህት
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ቀለበቱን ሲነግሩኝ ነው ወረቀቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉም የሰጠኝ። ኢአር 90 በመቶ የሚለውስ? ጥሩ ነው ይላሉ፤ ለምን ጥሩ እንደሆነ የሚያስረዳ ግን አጣሁ።

ዘጠነኛ_ዓመት
እኔ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የእኔ ተቃራኒው ነበር። ኢአር ዜሮ፣ ፒአር ዜሮ፣ ሄር2 ዜሮ። ሦስቴ አሉታዊ የሚሉት። በ38 ዓመቴ።

ኢአር ማለት ካንሰሩ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚቀበልበት በር ነው። በሩ ካለ፣ በሩን የሚዘጋ ወይም ሆርሞኑን የሚያደርቅ መድኃኒት አለ፤ ታሞክሲፌንና መሰሎቹ ማለት ነው። ከእህትሽ የካንሰር ሕዋሶች 90 በመቶው በር አላቸው። ለእኔ የሚዘጋ በር አልነበረም፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞ ሰጡኝ።

እንዲህ ያለው ካንሰር ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ነው የሚመለሰው። እነዚያን ሦስት ዓመታት እንዴት እንዳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ጀርባዬን ባመመኝ ቁጥር «መጣ» እላለሁ፤ ሳል ከያዘኝ እንቅልፍ የለም። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የመመለሱ ዕድል በጣም ይወርዳል። አሁን ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ቀዶ ሕክምና ሲደረግልኝ ከጡቴም ከንፍፊቴም ውስጥ በሕይወት ያለ የካንሰር ሕዋስ አልተገኘም፤ ኬሞው ጨርሶታል። ሐኪሜ ያን ወረቀት ይዘው ሲገቡ ፊታቸውን አይቼ ነው ያወቅኩት። እንደ እኔ ላለች ወይም ሄር2 ላለባት ሴት ይህ ከመልካም ምልክቶች ሁሉ ትልቁ ነው። መጀመሪያ ላይ «ክፉው ዓይነት ነው» ተብዬ የነበርኩ ሴት ነኝ። ምርመራው በወጣበት ቀን የተነገረሽ ነገር ከሕክምናው በኋላ ሊቀየር ይችላል።

ሌላ_ወንድም
ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን አንድ ያነበብኩት ነገር እዚህ ጋ አይገጥምልኝም። ኢአር ያለበት ካንሰር ከ20 ዓመት በኋላም ይመለሳል፣ እስከ 41 በመቶ ይደርሳል የሚል ጥናት አይቻለሁ። ታዲያ ጥሩው የቱ ላይ ነው?

የቀን_ተረኛ
ካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ። ያነበቡት ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው፤ ከ62 ሺህ በላይ ሴቶችን የተከታተለ። ትክክል ነው፣ ግን 41ን ብቻ ነጥሎ መውሰድ ሰውን ያስደነግጣል። ጥናቱ የያዘው የአምስት ዓመት የሆርሞን ሕክምና ጨርሰው ካንሰሩ ያልተመለሰባቸውን ሴቶች ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት 15 ዓመታት ሩቅ ቦታ የመታየቱ ዕድል ትንሽ ዕጢ ኖሯቸው ንፍፊታቸው ንጹሕ ለነበሩት 13 በመቶ ሲሆን፣ ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር በልጦ ከ4 እስከ 9 ንፍፊት ለተያዘባቸው ነው 41 የሆነው። እንደ ታናሽ_እህት እህት ላሉት፣ ማለትም ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትርና ከ1 እስከ 3 ንፍፊት፣ 26 በመቶ ነበር። እነዚያ ሴቶች ከብዙ ዓመታት በፊት የታከሙ ናቸው፤ ዛሬ ያሉት መድኃኒቶች ብዙዎቹ አልነበሩላቸውም።

ሁለቱ ካንሰሮች የሚለያዩት በሰዓት ነው። ሦስቴ አሉታዊው ቶሎ ይመጣል፣ ካልመጣም ይተዋል። ኢአር ያለው ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ ትዕግሥተኛ ነው። እኛም ትዕግሥተኛ መሆን ያለብን ለዚህ ነው። ታሞክሲፌን አምስት ዓመት ሲወሰድ በጡት ካንሰር የመሞትን ዕድል በ15 ዓመት ውስጥ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ግን ሲወሰድ ነው! በየዕለቱ የማየው ችግር እዚህ ጋ ነው። ኬሞውን በጀግንነት የጨረሰች ሴት በሁለተኛው ዓመት ክኒኑን ታቆማለች። ትኩሳቱ፣ ላቡ፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙ፣ የስሜት መለዋወጡ ይሰለቻታል፤ «አሁን እኮ ደኅና ነኝ» ትላለች። ሳትናገር ታቆማለች፤ እኛም አንጠይቃትም። ብትነግረን የሚቀየር መድኃኒት፣ የሚቃለል ሕመም ነበር። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ትልቁ መወሰኛ ለእኔ ይህ ነው፤ የተጀመረው ሕክምና ይጠናቀቃል ወይ የሚለው።

99 በመቶ ያልሽው ደግሞ የአሜሪካ መዝገብ ነው። ካንሰሩ ከጡት ላልወጣባቸው ሴቶች፣ ለአምስት ዓመት የተሰላ። ንፍፊት ሲነካ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ግን ከ85 በመቶ በላይ ነው። ሩቅ አካል ሲደርስ ነው ወደ 30 በመቶ ገደማ የሚያሽቆለቁለው። የብዙ ሺህ ሰው ድምር ነው፤ የእህትሽ ስም እዚያ ውስጥ የለም።

አባወራ_ነበርኩ
ልጄ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ባለቤቴን በዚህ በሽታ ያጣሁ ሰው ነኝ። ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ።

ባለቤቴ ታጠባ ነበር። እብጠቷን ያየናት አንድ ላይ ነው፤ ከብብቷ ዝቅ ብሎ፣ ሲነኩት የማያም። የሄድንበት ቦታ «ወተት ነው፣ ወጣት ነሽ፣ ጡት ስታስጥይ ይጠፋል» ተባልን። ደስ አለን። ማን ክፉ ዜና ይለምናል? ስምንት ወር ቆይተን ስንመለስ ቆዳው ተሸብሽቦ ነበር፤ ስካን ሲነሳ ጉበቷ ላይ ታየ። እነዚህን ቁጥሮቻችሁን ሳነብ ልቤ የሚሄደው እዚያ ስምንት ወር ላይ ነው። ግሬዱ ያው ግሬድ፣ ዓይነቱ ያው ዓይነት ነበር፤ የተለየው ቀኑ ነው።

ሌላ ልልሽ የፈለግሁት፣ እህትሽ ያልጠየቀችው ሳይገባት ቀርቶ ላይሆን ይችላል። ባለቤቴ ቁጥር እንዲነገራት አልፈለገችም። እኔ ደብቄ አነብ ነበር፤ ያነበብኩትን ፊቴ ላይ ታነበው ነበር። አንድ ቀን «አንተ የምታውቀውን እኔ እንዳላውቅ ስትል ብቻህን ቀረህ፤ እኔም ብቻዬን» አለችኝ። ንገሪያት ወይ አትንገሪያት አልልሽም። ጠይቂያት፤ «ምን ያህሉን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» በያት።

ታናሽ_እህት
ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ይህን ስለጻፉልኝ ምን እንደምል አላውቅም። ፎቶውን ማንሳቴን ዛሬ እነግራታለሁ።

የቀን_ተረኛ
ጋሼ ስለ ቀኑ ያሉት እውነት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ግምገማ የጡት ቀዶ ሕክምና በአራት ሳምንት ሲዘገይ የሞት ዕድል በ8 በመቶ ገደማ ከነበረበት እንደሚጨምር አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ምርመራው ከመጀመሪያው የሐኪም ጉብኝት በ60 ቀን ውስጥ ይጠናቀቅ የሚል ግብ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ለሚያነብ ሁሉ፦ የሚያጠባ ጡትም ካንሰር ይይዘዋል። «ወጣት ነሽ» የሚለው ቃል ማንንም ወደ ቤት ሊመልስ አይገባም፤ እንዲያውም ከ40 በታች የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የከፋ ጠባይ ያለው ነው።

ማይክሮስኮፕ_ሥር
ፊሹ (የሄር2 ጂን የሚቆጠርበት ምርመራ) ከመምጣቱ በፊት አንድ ነገር ልጨምር፤ ማንም የማያወራው ስለሆነ። ያ ሁሉ ቁጥር የሚወጣው ከአንድ ቁራጭ ሥጋ ነው፤ ሥጋው ደግሞ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ይበላሻል። ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ እዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለበት። ሲዘገይ ኢአሩ ይጠፋል፤ በሩ እያለ «የለም» ይባላል።

አንድ ጊዜ ከሌላ ቦታ «ኢአር ዜሮ» ተብሎ የመጣ ስላይድ በድጋሚ እንዳይ ተሰጠኝ። ካንሰሩ አጠገብ ጤነኛ የጡት ቱቦ ነበር። ጤነኛ ቱቦ ውስጥ ሁልጊዜ ቡናማ ቀለም የያዙ ጥቂት አስኳሎች መታየት አለባቸው። እዚያ ግን አንድም የለም፤ ሁሉም ሰማያዊ። ጤነኛው ካልቀለመ ምርመራው ራሱ አልሠራም ማለት ነው። ከሌላ ቁራጭ ተደግሞ ሲሠራ 70 በመቶ ሆነ። ያቺ ሴት ያለ ታሞክሲፌን ልትቀር ነበር። ስለዚህ ከካንሰሩ መልክ ጋር የማይገጥም ውጤት ካያችሁ፣ በተለይ ግሬድ 1 ሆኖ «ኢአር ዜሮ» ከተባለ፣ ይደገምልኝ ማለት መብታችሁ ነው። የእህትሽ 90 በመቶ ግን አያጠራጥርም።

ታናሽ_እህት
ፊሹ መጣ። «ተባዝቷል፤ ጥምርታ 4.1» ይላል። ሄር2 አለባት ማለት ነው አይደል? እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። እሷ ገና አላየችውም። ያ ሌሊት ያነበብኩት ገጽ ትዝ አለኝ።

ማይክሮስኮፕ_ሥር
አዎ፣ አዎንታዊ ነው። ቁጭ በይና አንብቢኝ።

ፊሽ ስንሠራ ጨለማ ክፍል ገብተን ቢያንስ 20 ሕዋስ እንቆጥራለን። ቀይ ነጥብ የሄር2 ጂን ነው፤ አረንጓዴው ጂኑ የሚኖርበት ክሮሞሶም 17። ጤነኛ ሕዋስ ሁለት ቀይ፣ ሁለት አረንጓዴ አለው። በእህትሽ ላይ ለእያንዳንዱ አረንጓዴ አራት ቀይ ታይቷል። ጥምርታው 2 ከደረሰና በአንድ ሕዋስ የቀዩም አማካይ ቢያንስ 4 ከሆነ አዎንታዊ ነው።

አሁን ያስፈራሽ ገጽ። በ1987 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ስላመንና ባልደረቦቹ ይህ ጂን የተባዛባቸው ሴቶች ካንሰሩ ቶሎ እንደሚመለስባቸውና ዕድሜያቸው እንደሚያጥር አሳዩ። ያን ጊዜ እውነት ነበር። ያው ግኝት ግን መድኃኒቱን ወለደ። ጂኑ ሕዋሱን ከውጭ በሚታይ ፕሮቲን ስለሚሸፍነው ፕሮቲኑን የሚይዝ መድኃኒት ተሠራ፤ ትራስቱዙማብ። በ1998 እ.ኤ.አ. ለተሰራጨ ካንሰር ተፈቀደ። በ2005 የታተሙት ጥናቶች ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከኬሞ ጋር ሲሰጥ የመመለስን ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳዩ። መድኃኒቱን ማግኘት ለምትችል ሴት ሄር2 ዛሬ የሚያስፈራው መስመር አይደለም። ላላገኘችው ግን የ1987ቱ እውነት እንዳለ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

እኛ ሁለት ቃል እንለያለን። አንዱ መስመር በሽታው ብቻውን ቢተው ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል፤ ንፍፊቱ፣ መጠኑ፣ ግሬዱ እንዲህ ናቸው። ሌላው መስመር የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ይናገራል። ኢአርና ሄር2 ሁለቱንም ይናገራሉ። እህትሽ ሁለቱም በሮች አሏት፤ ለሁለቱም ቁልፍ አለ።

ዘጠነኛ_ዓመት
እኔ ያን ጊዜ «ሄር2 ነው» ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከልቤ ነው።

ታናሽ_እህት
ነገርኳት። ፎቶውን፣ የናንተን መልስ፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ተቆጣች፤ «ቦርሳዬን ከፈትሽ?» አለችኝ። ከዚያ ጋሼ ያሉኝን ጥያቄ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ስንት ዓመት የሚለውን አትንገሪኝ፤ ምን እንደሚደረግ የሚለውን ግን አንድም እንዳታስቀሪ» አለች። ወረቀቱን ራሷ ከቦርሳዋ አወጣችው። አጠገቧ ተቀምጬ ከላይ ጀምሮ አነበብኩላት፤ ቀለበቱንም እንደነገራችሁኝ ሥዬ አሳየኋት።

ትራስቱዙማቡ ለአንድ ዓመት፣ ከኬሞው ጋር ይጀመራል ተብሏል። ከዚያ በኋላ የሆርሞኑ ክኒን። ለሐሙስ የልብ አልትራሳውንድ ታዞላታል። የራሷ ጥያቄ ነው፦ «ልቤ ጤነኛ ነው፤ ለምን ልቤን ያዩታል? ደግሞ በዚህ ሁሉ መሃል መራመድ ይፈቀድልኛል ወይ?» ትላለች።

የቀን_ተረኛ
ለእህትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትራስቱዙማብ አንዳንድ ሰው ላይ የልብን የመግፋት አቅም ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ለጊዜው ሲቆም ይመለሳል፤ ለመያዝ ግን መነሻውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሐሙስ የሚያዩት ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶውን እንደሚገፋ ነው። ከ50 በመቶ በላይ ከሆነ በአብዛኛው ይጀመራል፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ ይደገማል። የመጀመሪያውን ቁጥር ጻፉትና ያዙት፤ ሌላ ቦታ ብትታከም ይጠይቋታል። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም እግሯ ካበጠ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ።

መራመዱ ይፈቀዳል ብቻ ሳይሆን እንፈልገዋለን። ከሕክምና በኋላ የሚንቀሳቀሱና ክብደታቸው ያልጨመረ ሴቶች የተሻለ ሲኖሩ ይታያል፤ ድካሙንም ይቀንስላታል። ኬሞ በወሰደች ማግስት ካልሆነላት ትረፍ፤ በሦስተኛው ቀን ትጀምር። ግራ እጇን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ አሳይተዋት ከሆነ እንዳታቋርጠው፤ 14 ንፍፊት የወጣለት ክንድ ሊያብጥ ይችላል። ካላሳዩዋት ሐሙስ ስትሄዱ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኩን በሉ።